ፊልሙና ወሮበላው፦ የቀድሞ የማፊያ አባላት ስለ ወንጀል ፊልሞች ምን ይመሰክራሉ?

የተደራጀ ወንጀልን የሚተርኩ ፊልሞች ከእውነቱ ጋር ምን ያህል ይቀራረባሉ? ለዚህ ጥያቄ የፊልም ሐያስያን ብዙ መልስ ሰጥተዋል። በቅርብ ዓመታት ግን ሌላ ዓይነት ሐያሲ ብቅ ብሏል፤ በፊልሙ የተሣለውን ኑሮ ራሱ የኖረ፣ የእስር ዘመኑን ጨርሶ የወጣ ወይም ለመንግሥት መስክሮ ቅጣቱ የቀለለለት ሰው። እነዚህ የቀድሞ ወንጀለኞች መጽሐፍ ያሳትማሉ፤ በቴሌቪዥንና በዩቲዩብ እየቀረቡም የትኛው ትዕይንት እውነት፣ የትኛው ፈጠራ እንደሆነ ይፈርዳሉ። የምስክርነታቸው ድምር አንድ ነገር ያመለክታል። ፊልሞቹ በጠመንጃውና በደሙ ብዙም አይሳሳቱም፤ የሚሳሳቱት በገንዘቡ፣ በሰውየው ክብርና በነገሩ ፍጻሜ ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው «ዘ ጎድፋዘር» ነው። ማሪዮ ፑዞ በ1969 ያሳተመው ልብ ወለድ በፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ዳይሬክተርነት በ1972 ለእይታ ሲበቃ፣ ብዙዎች ደራሲው ከማፊያ አለቆች ጋር በአንድ ማዕድ የበላ ሰው መሰላቸው። ፑዞ ግን መጽሐፉን የጻፈው ከንባብና ከጥናት ተነሥቶ እንደሆነ፣ ከዚያ በፊት አንድም እውነተኛ የማፊያ ሰው አግኝቶ እንደማያውቅ በግልጽ ተናግሯል። የረጋውና የሚያስፈራው የዶን ቪቶ ኮርሊዮኔ አነጋገር እንኳን የተቀዳው ከገዛ እናቱ አንደበት ነበር። ደራሲው ገጸ ባሕርዩ በተናገረ ቁጥር የሚሰማው የእናቱ ድምፅ እንደነበረ ገልጿል።

ፊልሙ ገና ሳይቀረጽ እውነተኛው ማፊያ እጁን አስገብቶበታል። በኒው ዮርክ ከነበሩት አምስት የማፊያ ቤተሰቦች የአንዱ አለቃ ጆ ኮሎምቦ፣ የጣሊያን ተወላጆችን መብት አስከብራለሁ የሚል ማኅበር አቋቁሞ ነበር። ማኅበሩ ፊልሙን ሲቃወም አዘጋጆቹ ከእርሱ ጋር ተደራድረው «ማፊያ» የሚለውን ቃል ከጽሑፉ ለማውጣት ተስማሙ። ቃሉ በጽሑፉ ውስጥ የነበረው በጥቂት ቦታ ብቻ ስለነበረ ስምምነቱ ብዙም አልጎዳቸውም። ስለዚህም በዓለም ላይ ስመ ጥሩ የሆነው የማፊያ ፊልም ማፊያ የሚለውን ስም ሳይጠራ ይጠናቀቃል። ኮሎምቦ ግን የፊልሙን መውጣት በጤና አላየም፤ በ1971 በኒው ዮርክ አደባባይ ማኅበሩ በጠራው ሰልፍ ላይ በጥይት ተመትቶ ሽባ ሆኖ ቆየና በ1978 ሞተ።

የፊልሙን ኃይል በደንብ የመሰከረው ሳልቫቶሬ ግራቫኖ ነው። ይህ ሰው የጋምቢኖ ቤተሰብ ምክትል አለቃ ለመሆን የበቃና በ19 ግድያዎች እጁ እንዳለበት ያመነ ነው። ፊልሙን በወጣትነቱ አይቶ ከሲኒማ ቤቱ ሲወጣ ፈዝዞ እንደነበረ፣ የታየው የእርሱና የጓደኞቹ ሕይወት እንደሆነ አምኖ እንደነበረ ተርኳል። በራሱ አባባል ፊልሙን ከማየቱ በፊት እጁ ያለበት ግድያ አንድ ብቻ ሲሆን የቀሩት ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። ይህን ያለው ፊልሙን ለመክሰስ አልነበረም፤ ሥራው ክብር ያለው እንደሆነ እንዲሰማው ስላደረገው ነው። እንግዲህ በድሃ ደራሲ እናት አፍ የተነገረው ቃል፣ በብሩክሊን ለሚኖር ነፍሰ ገዳይ የማዕረግ ልብስ ሆነለት ማለት ነው። ያው ግራቫኖ በ1992 በአለቃው በጆን ጎቲ ላይ መስክሮ ዕድሜ ልክ አስፈረደበት፤ ራሱ የተቀጣው አምስት ዓመት ነበር። ፊልሙ እጅግ ያከበረውን የዝምታ ሕግ ያፈረሰው ፊልሙን እጅግ የወደደው ሰው ነው።

ወሮበላ ከሲኒማ መማሩ በ1972 አልተጀመረም። በ1947 የወጣውን «ኪስ ኦፍ ዴዝ» የተሰኘ ፊልም ያየው የኒው ዮርኩ ጆይ ጋሎ፣ ሪቻርድ ዊድማርክ የተጫወተውን እብሪተኛ ገዳይ አለባበስና አነጋገር ወርሶ ዕድሜውን እንደ እርሱ እየሆነ ኖሯል።

ለእውነቱ የቀረበ ፊልም

የቀድሞ ወንጀለኞች ስለ እውነተኛነት ሲጠየቁ ዘወትር የሚጠሩት የማርቲን ስኮርሴዚን «ጉድፌላስ» ነው። በ1990 የወጣው ይህ ፊልም የተመሠረተው ጋዜጠኛው ኒኮላስ ፒሌጂ በ1985 ስለ ሄንሪ ሂል ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ነው። ሂል ከልጅነቱ ጀምሮ በብሩክሊን ለሉኬዜ ቤተሰብ ሰዎች ሲላላክ አድጓል። አባቱ የአየርላንድ ተወላጅ ስለነበረ ግን ቃለ መሐላ ፈጽሞ ሙሉ አባል የመሆን መብት አልነበረውም። በ1980 በአደንዛዥ ዕፅ ጉዳይ ሲያዝ፣ ጓደኞቹ እንዳይገድሉት ፈርቶ ለመንግሥት መሰከረ። እስከሞተበት እስከ 2012 ድረስ ፊልሙ ከጥቂት ነገር በቀር እውነቱን እንደሚያሳይ ሲናገር ኖሯል።

ለአባባሉ ማስረጃ አለው። ሂልን ለምስክርነት ያግባባው የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ኤድዋርድ ማክዶናልድ በፊልሙ ውስጥ ራሱን ሆኖ ተጫውቷል። በዲሴምበር 11 ቀን 1978 በጆን ኤፍ ኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ ከሉፍታንዛ መጋዘን አምስት ሚሊዮን ዶላር ያህል ጥሬ ገንዘብና 875,000 ዶላር የሚገመት ጌጣጌጥ መዘረፉ እውነት ነው። ከዘረፋው በኋላ ተሳታፊዎቹ አንድ በአንድ መገደላቸውም እንዲሁ። የገንዘቡ አብዛኛው ክፍል እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ሆኖም ከፊልሙ ትዕይንቶች ሁሉ በተመልካች አእምሮ ውስጥ ተቀርጾ የቀረው ከሂል ሕይወት የተወሰደ አይደለም። ቶሚ የተባለው ገጸ ባሕርይ ጓደኛው ሲያሞግሰው ድንገት ፊቱን አጥቁሮ ምን ማለትህ ነው እያለ የሚያፋጥጥበትን ክፍል ያመጣው ተዋናዩ ጆ ፔሺ ነው። ፔሺ በወጣትነቱ በአስተናጋጅነት ሲሠራ አንድን ወሮበላ አመስግኖ ያገኘው ምላሽ ይህ ነበር። በሂል አገላለጽ እውነተኛው ቶሚ ቁመቱ የረዘመ፣ አካሉ የገዘፈ ሰው ሲሆን ፔሺ ደግሞ አጭር ነው። እንዲህ ያለው ለውጥ ፊልሙን ውሸት አያሰኘውም። ከቀልድ ወደ ሞት የሚወስደው መንገድ አንድ ርምጃ ብቻ መሆኑን የሚያሳይ እንደዚህ ትዕይንት ያለ የለም፤ ይህም የቀድሞ አባላት ሁሉ ስለ ኑሯቸው የሚናገሩት ነው።

ፊልሙ ካበቃበት በኋላ የመጣው ግን ለሲኒማ አይመችም። ሂል በምስክሮች ጥበቃ ሥር ሆኖ እንኳን ደጋግሞ ሕግ በመጣሱ ከጥበቃው ተባረረ። ከመጠጥ ጋር ሲታገል ኖሮ፣ በኋለኛው ዘመኑ የሣላቸውን ሥዕሎችና በስሙ የተሰየመ የፓስታ ሱጎ እየሸጠ ኑሮውን ይደጉም ነበር።

የማይታየው ገንዘብ

ጆሴፍ ፒስቶን ወንጀለኛ አልነበረም፤ የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ ባልደረባ ነበር። ነገር ግን ዶኒ ብራስኮ በሚል ስም የጌጣጌጥ ሌባ መስሎ ከ1976 እስከ 1981 በቦናኖ ቤተሰብ ውስጥ ስለኖረ ምስክርነቱ ከማንም አያንስም። ባቀረበው ማስረጃ ከ100 በላይ ሰዎች ተፈርዶባቸዋል፤ ማፊያውም ለሚገድለው ሰው 500,000 ዶላር አዘጋጅቶ ነበር። የፒስቶን ትዝታ የሚያሳየው ቀን እጅግ አሰልቺ ነው፦ በአንድ ጠባብ ክበብ ተቀምጦ ካርታ መጫወት፣ ስልክ መጠበቅ፣ ስለማይሳካ ዘረፋ ማውራት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሳምንቱ መጨረሻ ለአለቃ የሚሰጠውን ድርሻ ከየት እንደሚያመጡ መጨነቅ።

በማፊያ ውስጥ ገንዘብ የሚፈስሰው ከታች ወደ ላይ ነው። ተራው ወታደር ካገኘው ላይ ለቡድን መሪው ይሰጣል፤ መሪውም ለበላይ አለቃው ያካፍላል። ያላገኘ ሰው ይጠረጠራል፤ የደበቀ ይገደላል። በ1997 የወጣው «ዶኒ ብራስኮ» የተባለው ፊልም ይህን በደንብ ይዞታል። አል ፓቺኖ የተጫወተው ሌፍቲ ሩጂዬሮ ዕድሜውን ሙሉ በታማኝነት ያገለገለ፣ ግን ማዕረግም ሀብትም ያላገኘ ያረጀ ሰው ነው። አባላቱ የመኪና ማቆሚያ መክፈያ ሣጥን ሰባብረው ሳንቲም ሲለቅሙ መታየታቸው ከብዙ የጦፈ የተኩስ ትዕይንት ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባል።

ፊልሙ የራቀው በፍጻሜው ነው። ሌፍቲ ሰላዩን ወደ ቤተሰቡ ያስገባ በመሆኑ ሲጠራ፣ ሰዓቱንና ጌጡን አውልቆ ለሚስቱ ትቶ በጸጥታ ወደ ሞቱ ይሄዳል። እውነተኛው ሌፍቲ ሩጂዬሮ ግን ከመገደሉ በፊት በፌዴራል መርማሪዎች ተያዘ፣ ታሰረ፣ ከእስር ከወጣም በኋላ በ1994 በካንሰር ሞተ። በሰላዩ ምክንያት የተገደለው የቡድኑ መሪ ዶሚኒክ ናፖሊታኖ ነው፤ አስከሬኑ ሁለት እጆቹ ተቆርጠው በ1982 ተገኘ። ፊልሙ ለሌፍቲ ያጎናጸፈው የክብር ሞት በእውነቱ ለማንም አልተሰጠም።

ትልቁ ገንዘብ የሚገኝበትም ቦታ ቢሆን ለካሜራ አይማርክም። የኮሎምቦ ቤተሰብ ቡድን መሪ የነበረውና ዛሬ በየመድረኩ ስለ ማፊያ ፊልሞች አስተያየት የሚሰጠው ማይክል ፍራንዜዜ ሀብት ያካበተው በቤንዚን ግብር ማጭበርበር ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ነዳጁ በወረቀት ላይ ብቻ ባሉ ኩባንያዎች መካከል እጅ በእጅ ይተላለፋል፤ ግብሩን የመክፈል ኃላፊነት ፓናማ ውስጥ በተመዘገበ አንድ ስመ ኩባንያ ላይ ይወድቃል፤ መንግሥት ሊጠይቅ ሲመጣ ያ ኩባንያ የለም። ሰው የሚገደልበት ትዕይንት በአንድ ደቂቃ ይቀረጻል። የሐሰት ደረሰኝን ጉዞ በሁለት ሰዓት ውስጥ አሳይቶ ተመልካችን ነቅቶ ማቆየት ግን ከባድ ስለሆነ፣ ሲኒማው አልፎት ይሄዳል።

በታችኛው እርከን ያለው ሰው ምን ያህል እንደሚያገኝ በጥናት የታየበት ጊዜም አለ። ኢኮኖሚስቱ ስቲቨን ሌቪትና የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያው ሱዲር ቬንካቴሽ አንድ የአሜሪካ ዕፅ ሻጭ ቡድን ራሱ የያዘውን የሒሳብ መዝገብ መርምረው በ2000 ውጤቱን አሳተሙ። በመንገድ ዳር ቆመው የሚሸጡት ወጣቶች የሰዓት ገቢ በሕግ ከተወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ በታች ነበር። ጥናቱ በሸፈናቸው አራት ዓመታት ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ደግሞ ከአራት አንድ ያህል ሆኖ ተገኝቷል።

ከጣሊያን እስከ ጃፓን

ፊልሙ ወንጀለኛውን፣ ወንጀለኛውም ፊልሙን መምሰሉ በአሜሪካ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ጋዜጠኛው ሮቤርቶ ሳቪያኖ በ2006 ባሳተመው «ጎሞራ» በተሰኘ መጽሐፍ የኔፕልስ አካባቢ የካሞራ አለቆችን ሲገልጽ፣ ዋልተር ስኪያቮኔ የተባለው ሰው ቤቱን ያሠራው በ1983 በወጣው «ስካርፌስ» ፊልም ላይ የታየውን የቶኒ ሞንታናን መኖሪያ አስመስሎ እንደሆነ ጽፏል። ለመሐንዲሱ የሰጠው ንድፍ የፊልሙ ቪዲዮ ካሴት ነበር። ፊልሙ ቶኒ ሞንታና በገዛ ቤቱ በጥይት ተበሳስቶ ውኃ ውስጥ ሲወድቅ እንደሚያበቃ የቤቱ ባለቤት ያጣዋል ማለት አይቻልም። ቤቱን በኋላ መንግሥት ወርሶት የሕሙማን ማገገሚያ አድርጎታል። የዋልተር ወንድም ፍራንቼስኮ ደግሞ «ሳንዶካን» የሚል ቅጽል ነበረው፤ የተሰጠውም ሕንዳዊው ተዋናይ ካቢር ቤዲ በቴሌቪዥን የተጫወተውን የባሕር ወንበዴ በመልክ ስለሚመስል ነው።

የሳቪያኖ መጽሐፍ በ2008 በማቴዎ ጋሮኔ ወደ ፊልም ሲለወጥ ዳይሬክተሩ ያን ሁሉ ጌጥ ገፈፈው። ቪላና ውድ ልብስ ቀርቶ የተሰነጣጠቀ የኮንክሪት ሕንፃ፣ መርዛማ ቆሻሻ የሚቀበርበት ማሳ፣ ስለ «ስካርፌስ» እየለፈለፉ በተሰረቀ ጠመንጃ የሚጫወቱና መጨረሻቸው የማያምር ሁለት ልጆች ቀረቡ። ከአካባቢው ተመርጠው ከተጫወቱት ሰዎች አንዳንዶቹ ፊልሙ ከወጣ በኋላ ከካሞራ ጋር በተያያዘ ወንጀል ተይዘዋል። ሳቪያኖ ራሱ መጽሐፉ ከታተመበት ዓመት ጀምሮ በፖሊስ ጥበቃ ሥር ይኖራል።

ጃፓንም ተመሳሳይ ታሪክ አላት። በ1960ዎቹ የአገሪቱ ፊልሞች ያኩዛን ለደካማ የሚቆም ባለ ቃል ሰው አድርገው ያቀርቡት ነበር። ቡድኑን በትኖ ከእስር በኋላ ተዋናይ የሆነው ኖቦሩ አንዶ፣ ፊቱ ላይ ያለውን እውነተኛ የስለት ጠባሳ ይዞ የሲኒማ ኮከብ ሆነ። በ1973 ግን ዳይሬክተሩ ኪንጂ ፉካሳኩ «ክብርና ሰብአዊነት የሌለበት ውጊያ» የሚል ፍቺ ያለውን ፊልም ሠራ። መነሻው የሂሮሺማ ያኩዛ የነበረው ኮዞ ሚኖ በእስር ቤት የጻፈው ማስታወሻ ነበር። በፊልሙ ውስጥ አለቃው ተንኮለኛና ፈሪ፣ ታማኙ ተከታይ ደግሞ ሁልጊዜ የሚሸጥ ነው። ርእሱ ራሱ በቀደሙት ፊልሞች ላይ የተሰጠ ፍርድ ይመስላል።

በ1992 ደግሞ ጁዞ ኢታሚ የተባለው ዳይሬክተር ያኩዛን ጉልበተኛ መሳይ አስመሳይ አድርጎ የሚያላግጥ ፊልም አወጣ። ፊልሙ በወጣ በቀናት ውስጥ አምስት ወሮበሎች ከቤቱ አጠገብ ጠብቀው ፊቱን በስለት ተለተሉት። በማንኛውም የግድያ ፊልም ያልተቆጣ ያኩዛ በዚህኛው መቆጣቱ ከብዙ ቃለ መጠይቅ የበለጠ ይናገራል።

ምስክሩን ማን ይመዝነዋል?

የቀድሞ ወንጀለኛ ምስክርነት ዋጋ ያለውን ያህል ሊጠረጠርም ይገባል። የሚናገረው ሰው በዝናው ይተዳደራል፤ ታሪኩ በገዘፈ ቁጥር ገበያው ይሞቃል። በ2019 የወጣው የስኮርሴዚ «ዘ አይሪሽማን» የቆመው ፍራንክ ሺራን በእርጅናው ለጠበቃ በሰጠው ቃል ላይ ነው። ሺራን በ1975 ደብዛው የጠፋውን የሠራተኛ ማኅበር መሪ ጂሚ ሆፋን የገደልኩት እኔ ነኝ ብሏል። መርማሪዎች እርሱ በጠቆመው የዲትሮይት ቤት የደም ምልክት ቢያገኙም የሆፋ ሆኖ አልተገኘም። የጉዳዩ አዋቂ የሆኑ ብዙ ጋዜጠኞችና መርማሪዎች ኑዛዜውን አይቀበሉትም። ፊልሙ ግን ከሲኒማ ሥራነቱ አልፎ በሚሊዮኖች ዘንድ የነገሩ መልስ ተደርጎ ተወስዷል።

ከዚህ የከፋው በ«ጉድፌላስ» ውስጥ ተደብቆ ነበር። በፊልሙ ከሚተዋወቁት ወሮበሎች የአንዱን ትንሽ ሚና የተጫወተው ሉዊስ ኤፖሊቶ በሙያው የኒው ዮርክ ፖሊስ መርማሪ ነበር። በዚያን ዘመን ከባልደረባው ጋር ሆኖ ለሉኬዜ ቤተሰብ ምስጢር ይሸጥና በግድያ ይተባበር እንደነበረ ከዓመታት በኋላ ተረጋግጦ በ2009 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ተመልካቹ ወሮበላ መስሎ የሚጫወት ፖሊስ አየ፤ በእውነቱ ያየው ፖሊስ መስሎ የሚኖር ወሮበላ ነበር።

ካሜራው የዘገየበት ወንጀል

ከአፍሪካ ቀንድ ለመጣ አንባቢ የተደራጀ ወንጀል ሲባል በመጀመሪያ ትዝ የሚለው ባለ ባርኔጣው የኒው ዮርክ ሰው አይደለም። ድንበር የሚያሻግረው ደላላ፣ በረሐው፣ የሊቢያ መጋዘን፣ ከዚያም በሌሊት የሚደወለውና የታጋቹ ጩኸት የሚሰማበት የቤዛ ስልክ ነው። ገንዘቡ ከታች ወደ ላይ የሚፈስስበት ሥርዓት፣ የስመ ኩባንያው ሰንሰለት፣ አለቃው ከወንጀሉ ቦታ ርቆ መኖሩ ሁሉ ማፊያ የሚሠራበት መንገድ ነው። ልዩነቱ የሚሸጠው ዕቃ ሰው መሆኑና ከፋዩ በአዲስ አበባ፣ በሪያድ ወይም በዱባይ ደመወዙን የሚያጠራቅም ዘመድ መሆኑ ነው።

በባኒ ዋሊድ ስደተኞችን አግቶ በማሠቃየትና ቤዛ በማስከፈል የሚከሰሰው ኤርትራዊው ኪዳነ ዘካርያስ ሀብተማርያም በ2021 ከአዲስ አበባ ፍርድ ቤት አምልጦ፣ በሌለበት ዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበታል። በ2023 መጀመሪያ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ባለሥልጣናት ከኢንተርፖል ጋር በተደረገ ትብብር ሱዳን ውስጥ መያዙን አስታውቀዋል። በዚህ ጉዳይ ላይ የተደመጡት ምስክሮች አብዛኞቹ በዚያ መጋዘን ያለፉ ሰዎች እንጂ የቀድሞ አባሮቹ አልነበሩም።

ወደዚህ ዓለም ካሜራውን ካዞሩት ጥቂቶች አንዱ የ«ጎሞራ» ዳይሬክተር ማቴዎ ጋሮኔ ነው። በ2023 የወጣው «ኢዮ ካፒታኖ» ሁለት የዳካር ልጆች ሰሃራን አቋርጠው በሊቢያ እስር በኩል ወደ ሜዲትራንያን ሲወጡ ይከተላል፤ ለዳይሬክተሩም በቬኒስ የብር አንበሳ ሽልማትን አስገኝቷል። ቤዛ የሚጠየቅበት እስር ቤት ትዕይንት ረጅም አይደለም። አለቃው ማን እንደሆነ አይነገርም፤ ታሪኩ አይተረክም፤ የሚያምር ልብስም የለውም። ጋሮኔ ይህን ክፍል ሲያዘጋጅ አማካሪ ያደረገው ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥቶ ያን መንገድ ራሱ የተጓዘ፣ በሊቢያም የታሰረ ሰው ነበር። በትዕይንቶቹ ውስጥ በጅምላ ከሚታዩት መካከል ብዙዎቹ ስደተኞች ያንኑ ጉዞ በእውነት ያደረጉ ናቸው።